ነርቮቻችን እንዴት ይነጋገራሉ?

ውድ አድማጮቻችን፣ አላህ (ሱ.ወ.) የገዛ ራሳችንን አፈጣጠር እንድናስተነትን በቁርኣን ጠርቶናል። በዛሬው ዝግጅታችንም ስለ ነርቭ ሥርዓታችን እንነጋገራለን።

ሥርዓቱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ማዕከሉ ሲሆን፣ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን ይይዛል። ሁለተኛው ከማዕከሉ ወደ መላ አካል የሚዘረጉት ነርቮች ናቸው፤ 12 ጥንዶቹ ከአንጎል፣ 31 ጥንዶቹ ከህብለ ሰረሰር ይነሳሉ። በሰው አንጎል ውስጥ ብቻ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች እንዳሉ ይገመታል።

በአንድ ሴል ውስጥ መልእክት የሚጓዘው በኤሌክትሪክ ምልክት ነው። በፈጣኖቹ ነርቮች ፍጥነቱ በሰከንድ ከ100 ሜትር ያልፋል። በአንዱ ሴልና በሌላው መካከል ግን አብዛኛውን ጊዜ እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። ምልክቱ የሴሉ ጫፍ ሲደርስ ኬሚካል ይለቀቃል፤ ኬሚካሉም ክፍተቱን ተሻግሮ ቀጣዩን ሴል ይቀሰቅሰዋል ወይም ያረጋጋዋል። የሚቀሰቅሰውና የሚያረጋጋው ሲመጣጠኑ እናስባለን፣ እንናገራለን፣ ለሶላት እንቆማለን። ሱብሐነላህ!

ሚዛኑ ተዛብቶ ብዙ ሴሎች ባንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ምልክት ሲልኩ ሰው ሊወድቅና ሊንፈራገጥ ይችላል። ይህ ሲደጋገም የሚጥል በሽታ ይባላል። በጂን መኖር እናምናለን፤ ነገር ግን የወደቀውን ሁሉ "ጂን ነው" ብለን ከሕክምና ማስቀረት በደል ነው። በሽታው በምራቅም ሆነ በንክኪ አይተላለፍም። በአግባቡ ከታከሙ ከ10 ታማሚዎች እስከ 7ቱ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ።

ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ የሚጥላት አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ ነበር። ብትታገስ ጀነት እንዳላት አበሰሯት፤ ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥም ዱዓ አደረጉላት እንጂ አላገለሏትም። ሕክምና እንድንሻም አስተምረውናል።

ስለዚህ አንድ ሰው ሲጥለው ክብሪት አናሽትተው፤ በአፉም ምንም አንክተት። ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርገን፣ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ እናስተኛው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ፈጥነን ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው። መድኃኒት የጀመረም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቋርጥ። ዱዓችን ከመድኃኒቱ ጋር ይሁን።

አላህ ለሕሙማን ሁሉ ሺፋ ይስጥልን።