ማረሻውን ወድዶ ሠሪውን መናቅ

አቃቂ ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ፣ የፋብሪካ ጭስ ማውጫና የእርሻ ማሳ ጎን ለጎን የሚታዩበት ክፍለ ከተማ ነው። በብረታ ብረት ፋብሪካዎቹ ብረት የሚያቀልጥ፣ የሚበይድና የሚቀርጽ ሰው “ባለሙያ” ተብሎ ይከበራል። ይኸው ሥራ በወናፍና በመዶሻ ሲከናወን ግን ሠሪው “ቀጥቃጭ”፣ “ጣይብ”፣ አልፎም “ቡዳ” ሲባል ኖሯል።

የንቀቱ ሥር ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። በቀድሞው ሥርዓት የሰው ክብር በርስት ይለካ ነበር። ብዙ የእደ ጥበብ ሰዎች ርስት ስላልነበራቸው በእጃቸው ሥራ ይተዳደሩ፣ ከመንደር ዳርም ይኖሩ ነበር። ብረትን በእሳት አለስልሶ መልኩን መለወጥ ምሥጢሩን ለማያውቅ ሰው አስፈሪ ነበር። “ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፤ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ” የሚለው ወሬ በዚህ ርቀትና ፍርሃት ላይ አደገ። በጎንደር አካባቢ በብረትና በሸክላ ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤላውያንም በዚሁ ስም ተወንጅለዋል።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጁ ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን የሚሰድብ ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቆጠር ያስጠነቅቅ ነበር።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ የሚኖሩት ሮማኒቻል የተባሉ የሮማ ሕዝቦች ለዘመናት ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ብረትና ቆርቆሮ ሲጠግኑ፣ ፈረስም ሲነግዱ ኖረዋል። የሀገሪቱ ፓርላማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1530 ሮማዎች ከሀገር እንዲወጡ የሚያዝ ሕግ አውጥቶ ነበር። ዛሬም “ሌባ” የሚለው ጥርጣሬ ይከተላቸዋል።

እንዲህ ያለው ስም የሚጎዳው ተሰዳቢውን ብቻ አይደለም። ጋብቻ ይከለክላል፤ ሙያን ያስደብቃል፤ ልጅም የአባቱን ሥራ በትምህርት ቤት እንዳይናገር ያደርጋል። ሕፃን ሲከሳ ወይም ሲያተኩሰው “ቡዳ በላው” ብሎ መዘግየት ደግሞ ወባን ወይም የምግብ እጥረትን ሳይታከሙ መተው ነው፤ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል።

ስድቡ ለሚደርስበት ሰው የመጀመሪያው መከላከያ ሙያውን በስሙ መጥራት ነው። “ብረት ሠሪ ነኝ” ብሎ በግልጽ የሚናገር ወላጅ ልጁ እንዳያፍር ያደርጋል። ነገሩ በቀልድ መልክ ሲመጣ በቁጣ ከመመለስ “ይህን በዓይንህ አይተሃል?” ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ወሬውን ማስረጃ ያሳጣዋል። በትምህርት ቤት ሲሆን ለመምህሩ፣ በሥራ ቦታ ሲሆን ለኃላፊው ቀኑንና የተባለውን ጽፎ ማሳወቅ ይጠቅማል። በሠፈር ደግሞ የዕድርና የሃይማኖት አባቶች ቃል ሚዛን ይደፋል፤ በተለይም ስድቡ የሚሰነዘረው ተሰዳቢው በሌለበት ከሆነ የሚሰማው ጎረቤት ዝም አለማለቱ ትልቅ እገዛ ነው።

ሕጉም ከተበዳዩ ጎን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 በትውልድ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 41 መተዳደሪያን የመምረጥ መብት ይሰጣል። የወንጀል ሕጉም ስድብንና ማዋረድን በተበዳዩ አቤቱታ ያስቀጣል።

ገበሬው ጤፉን የሚያጭድበት ማጭድ፣ ማሳውን የሚያርስበት ማረሻ፣ የከተማው ነዋሪ የሚዘጋው የብረት በር ሁሉም የብረት ሠሪ እጅ ያረፈባቸው ናቸው። ሥራውን ሳይፈሩ የሚጠቀሙ ሁሉ ሠሪውን የሚፈሩበት ምክንያት ሊኖራቸው አይችልም።