ለደካማ ቧንቧ የሚሆን ማጣሪያ

ከኮቦ ከተማ ወደ ምዕራብ ያየ ሰው ወደ ላስታ የሚያወጣውን የደጋ ግድግዳ፣ ወደ ምሥራቅ የዞረ ደግሞ የዞብልን ተራሮች ያገኛል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋውን የራያ ቆላ ሜዳ የሞላው ጎርፍ ነው። እንደ ሆርማት፣ ጎሊናና አላውሃ ያሉ ወንዞች ከደጋው ጠራርገው ያመጡት ጠጠር፣ አሸዋና ደለል እየተነባበረ በሥሩ ብዙ ውሃ አቁሯል። የኮቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች አስቆፍሮ የጠብታና የርጭት መስኖ የዘረጋው ይህንኑ የከርሰ ምድር ውሃ ተማምኖ ነው።

ከመሬት በታች ውሃ ስለበዛ ግን የቤት ቧንቧ ይበረታል ማለት አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ቤተሰቡም ከሮቶ በሚጠቀምበት ቤት ማጣሪያ ገዝቶ ያስገጠመ ሰው፣ ቧንቧውን ሲከፍት ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ብዙ ጊዜ ማጣሪያው ጤነኛ ነው፤ የጎደለው እንዲሠራበት የታሰበለት ግፊት ነው።

ከፍታ እንጂ ብዛት አይገፋም

የቆመ ውሃ ግፊቱን የሚያገኘው ከከፍታው ነው። አሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ከታች አንድ ባር ያህል ግፊት ይፈጥራል። የዕቃው ትልቅነት ለውጥ አያመጣም፤ በእኩል ከፍታ ላይ እስከ እኩል ደረጃ የተሞሉ የ500 እና የ5,000 ሊትር ሮቶዎች የሚሰጡት ግፊት እኩል ነው። ግፊት ፈልጎ ትልቅ ሮቶ የሚገዛ ሰው የሚጨምረው የሚጠራቀመውን ውሃ ብቻ ነው።

ሦስት ሜትር ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ውሃውን ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ለተገጠመ ማጣሪያ ሲያወርድ፣ በመካከላቸው ያለው ከፍታ ሁለት ሜትር ነው። ይህ ሮቶው ሊያልቅ ሲል 0.2 ባር፣ ሙሉ ሲሆን ደግሞ 0.3 ባር ገደማ ይሰጣል።

የቤትዎን ግፊት ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያሻም። ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበትን ውስጡ የሚያሳይ ቱቦ ከቧንቧው አፍ ጋር አጥብቀው ይሰሩ፤ ቧንቧውን ከፍተው የቱቦውን ጫፍ ወደ ላይ ያንሱ። ውሃው ከቧንቧው አፍ በላይ ሦስት ሜትር ወጥቶ ከቆመ ግፊቱ 0.3 ባር ነው። ውሃው በቱቦው ከፍ ብሎ እየወጣ ባልዲ ለመሙላት ግን ብዙ ጊዜ ከፈጀ፣ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው፦ የዛገ ቧንቧ፣ በግማሽ የተዘጋ ቫልቭ ወይም የጠበበ መስመር። ጥበቱ ከሚገመተው በላይ ይጎዳል። እኩል ውሃ ሲያልፍባቸው፣ በግማሽ ኢንች ቧንቧ ውስጥ በፍትጊያ የሚባክነው ግፊት በሦስት አራተኛ ኢንች ቧንቧ ውስጥ ከሚባክነው ሰባት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ከዲዦን የመጣ ሕግ

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ለዲዦን ከተማ የውሃ አቅርቦት ሲሠራ ውሃ በአሸዋ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ለካ፤ ውጤቱንም በ1856 (እ.ኤ.አ.) አሳተመ። የደረሰበት ሕግ ቀላል ነው። የሚያልፈው ውሃ ከላይና ከታች ባለው የከፍታ ልዩነት ልክ ይጨምራል፤ በአሸዋው ስፋት ልክም ይጨምራል፤ በአሸዋው ውፍረት ልክ ግን ይቀንሳል። ዛሬ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያዎች ውሃ በደለል ውስጥ አልፎ ወደ ጉድጓድ የሚደርስበትን ፍጥነት የሚያሰሉት በዚሁ ሕግ ነው። የሸክላ ማጣሪያም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

ለቤታችን የሚተርፈው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ግፊት ያነሰበት ሰው ልዩነቱን በስፋትና በጊዜ መክፈል ይችላል። በአሥር ኢንች የማጣሪያ ካርትሪጅ ፋንታ ሃያ ኢንች ቢገጠም ውሃው የሚያልፍበት ስፋት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሁለት ካርትሪጆችን ጎን ለጎን አድርጎ ውሃውን ማካፈልም ያንኑ ይሠራል፤ አንዱን ከሌላው ኋላ መደርደር ግን ግፊቱን ይበላል። በሰዓት ሁለት ሊትር ብቻ የሚያጣራ የሸክላ ማጣሪያ እንኳ ሌሊቱን ለአሥር ሰዓት ቢሠራ ጠዋት ሃያ ሊትር ያስረክባል፤ ይህም አንድ ጀሪካን ነው። የከሰል ማጣሪያ ደግሞ በዝግታ ይጠቀማል፤ ሽታንና ጣዕምን የሚይዘው ውሃው በቂ ጊዜ ሲነካው ነውና።

በጊዜ የማይታለፈው ደፍ

በስፋትና በጊዜ የማይካስ አንድ ማጣሪያ አለ፤ እሱም ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ነው። የሟሟን ጨው የሚለየው ውሃውን በጣም ጥቅጥቅ ባለ ስስ ሽፋን ውስጥ በኃይል በማሳለፍ ነው። ጨዉ ራሱ ውሃውን ወደ ኋላ ስለሚስብ መጀመሪያ ያንን ስበት ማሸነፍ ያስፈልጋል። በሊትር 1,000 ሚሊግራም ጨው ላለበት ውሃ ስበቱ 0.7 ባር አካባቢ ነው። በዚህ ውሃ ላይ 0.3 ባር ብቻ ያለው ቤት ሌሊቱን ሙሉ ቢጠብቅም ንጹሕ ውሃ አያገኝም። የቤት መሣሪያዎቹ በደንብ እንዲሠሩ ሦስት ባር ገደማ ይፈልጋሉ። ይህን በከፍታ ብቻ ለማግኘት ሮቶውን ሠላሳ ሜትር፣ ማለትም አሥር ፎቅ ያህል መስቀል ይጠይቃል።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ውሃዬ ምን አለበት?» የሚለው ነው። ጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው፣ ሳሙና አልደፍቅ የሚል ውሃ ካልሲየምና ማግኒዝየም ይበዛበታል። ይህ ዕቃ ያበላሻል እንጂ በራሱ በሽታ አያመጣም፤ ሲፈላም በከፊል ይቀንሳል። ሥጋቱ ባክቴሪያ ከሆነ የሸክላ ማጣሪያ ወይም በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ አልትራፊልትሬሽን የሚባል ማጣሪያ ይበቃል። ኮቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ጀርም ለመግደል ግን ይህ በቂ ነው። እንደ ውሃ አጋር ያሉ የክሎሪን ማከሚያዎች ደግሞ ምንም ግፊት አይፈልጉም። ውሃው በላቦራቶሪ ተመርምሮ የሟሟ ጨው በእርግጥ ከበዛበት ብቻ ነው ወደ ሪቨርስ ኦስሞሲስ መሄድ የሚያዋጣው።

ከመስኖው ማሳ የሚወሰድ ትምህርት

የጠብታ መስኖ የሚጠቀም ገበሬ ቀዳዳዎቹ በደለል እንዳይደፈኑ ውሃውን አስቀድሞ ያጣራል። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለው ግፊት ሲራራቅ ማጣሪያው እንደቆሸሸ ያውቃል። የቤት ማጣሪያም እንዲሁ ነው፤ ትናንት ይወርድ የነበረ ውሃ ዛሬ ከቀጠነ መጀመሪያ የሚታየው ካርትሪጁ ነው። ሮቶው በየጊዜው ከታጠበና ውሃ መውጫው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ካለ ደለሉ ታች ይቀራል። ማማውን ማስረዘምም ይረዳል፤ ሆኖም 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ስለሚመዝን ብረቱና መሠረቱ ይህን መቻል አለባቸው።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ፓምፕ ይገጠማል፤ ቦታው ግን ከሮቶው በኋላ ነው። ከከተማው መስመር በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ በቧንቧው ውስጥ ያለውን ግፊት ከውጭው በታች ሊያወርደው ይችላል። ያኔ ቧንቧው በተሰነጠቀበት ቦታ ሁሉ አካባቢው ላይ የተኛ ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ፓምፕ ያለው ሰው ያንን ውሃ አጣርቶ ይጠጣዋል፤ ማጣሪያ የሌለው ጎረቤቱ ግን እንዳለ ይጠጣዋል።