እናታችን የጠየቁን ጥያቄ

ታላቅ እኅቴ የምትኖረው በአሜሪካ አገር ነው። ከ12 ዓመት በፊት ልቧ ከልክ በላይ እየዘገየ ቢያስቸግራት፥ በዚያው ያሉ ሐኪሞች ከግራ ትከሻዋ በታች፥ ከቆዳዋ ሥር፥ ልብን የሚያነቃ ትንሽ መሣሪያ አኖሩላት። መሣሪያው ፔስሜከር ይባላል። ከዚያ ወዲህ ልጆቿን አሳድጋለች፤ ሥራዋን ሠርታለች፤ ሁለት ጊዜም ወደ አገሯ መጥታ እናታችንን ጠይቃ ተመልሳለች። በቅርቡ ግን ቆማ ሳለች ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪሞቹም መርምረው፥ «መሣሪያው ደኅና ነው፤ የተበላሸው ሽቦው ነው፤ በቀዶ ሕክምና መለወጥ ይገባዋል» አሏት።

ወሬው በስልክ በደረሰን ጊዜ፥ በብዙ ቤት እንደ ተለመደው፥ የመጀመሪያው ምክራችን ለእናታችን አንንገራቸው የሚል ነበር። እናት ግን የልጇን ድምፅ ታውቃለች። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝና፥ «አንተ የሰው ልጆች ታስተምራለህ፤ ከእኔ ግን ትደብቃለህ። በልጄ ልብ ውስጥ ያለው ነገር ምንድን ነው? አሁንስ ሊያወጡት የፈለጉት ስለ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አፈርሁ፤ ተቀምጬም የማውቀውን ሁሉ ነገርኋቸው። በሌሎች ቤቶችም እንዲሁ የሚጨነቁ አይጠፉምና፥ ያንኑ ለአንባብያን ላቀርበው ወደድሁ።

የሰው ልብ የሚመታው በውስጡ በሚፈጠር ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ይህ ኃይል ሲደክም ወይም መንገዱ ሲዘጋበት ልብ ይዘገያል፤ ደም ወደ ራስ በበቂ አይደርስም፤ ሰውም ይወድቃል። መሣሪያው ይህን ጉድለት ይሞላል። ባትሪና አነስተኛ ማሽን ያለበት ሣጥኑ ከቆዳ ሥር ይቀመጣል፤ ከእርሱ የሚወጡት አንድ ወይም ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ግን በደም ሥር ውስጥ አልፈው ልብ ድረስ ይዘልቃሉ።

መሣሪያው ሁለት ሥራ አለው፤ እነዚህም ማዳመጥና ማነቃቃት ናቸው። ልብ በራሱ ከመታ መሣሪያው ዝም ይላል፤ ልብ ከዘገየ ግን ኃይል ልኮ ያስመታዋል። ለሁለቱም ሥራ መንገዱ ሽቦው ብቻ ነው። ሽቦው በውስጡ የተሰበረ ወይም ልባሱ የተላጠ እንደ ሆነ፥ የሚልከው ኃይል በመንገድ ይቀራል። ከዚህም የከፋ አለ፤ የተጎዳ ሽቦ ሐሰተኛ ምልክት ይሰጣል፤ መሣሪያውም ልብ የመታ መስሎት ዝም ይላል። እናታችን ይህን በሰሙ ጊዜ፥ «እንግዲያው ልጄን የጣላት ሐሰተኛ ምስክር ነው በለኛ» አሉ። እኔ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ሽቦ ስለ ምን ይበላሻል? ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ፥ በአንድ ቀን 100,800 ጊዜ ይመታል፤ በ12 ዓመት ከ400 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ነው። ሽቦውም ከልብ ጋር ይህን ያህል ጊዜ ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። በተጨማሪም በትከሻ አጥንትና በመጀመሪያው ጎድን መካከል በሚያልፍበት ስፍራ ክንድ በተንቀሳቀሰ ቍጥር ይጫነዋል። ባትሪው ያለቀ እንደ ሆነ ሣጥኑን መለወጥ ቀላል ነው፤ ከቆዳ ሥር ነውና። ሽቦው ግን በዓመታት ብዛት ጠባሳ አብቅሎ ከደም ሥሩና ከልቡ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። የሥራው ክብደት ከዚህ የተነሣ ነው።

ለሐኪሞቹ ሁለት መንገድ አላቸው። አንደኛው፥ የተበላሸውን ሽቦ በስፍራው ትቶ በጎኑ አዲስ መጨመር ነው። ይህ ለጊዜው ይቀላል፤ ነገር ግን ሽቦ በበዛ ቍጥር የደም ሥሩ ይጠባል፤ የተተወውም ሽቦ በኋላ ለማውጣት ይበልጥ ይጠነክራል። ሁለተኛው፥ አሮጌውን ማውጣት ነው። ሐኪሙ በሽቦው ላይ እንደ ሰገባ የሚገባ ቱቦ ያልፋል፤ የቱቦውም ጫፍ በሌዘር ብርሃን ወይም በሚሽከረከር ስለት ጠባሳውን እየፈታ ይሄዳል። ልምድ ባላቸው ስፍራዎች ይህ ሥራ ከ100 ሰዎች ከ95 በሚበልጡት ይሳካል። ከ100 በአንዱ ወይም በሁለቱ ግን ብርቱ ጉዳት ይደርሳል፤ ከሁሉም የሚያስፈራው የትልቁ ደም ሥር ወይም የልብ መቀደድ ነው። ስለዚህም ደረት ከፍቶ ሊያድን የሚችል የቀዶ ሕክምና ሐኪም በአጠገቡ ተዘጋጅቶ ይቆማል። ሽቦው ወይም ሣጥኑ በተሕዋስያን የተመረዘ እንደ ሆነ ግን ምርጫ የለም፤ ሁሉም ይወጣል።

እኅቴ ሁለተኛውን መረጠች። ዕድሜዋ ገና 54 ነውና ወደ ፊትም ሌላ ሽቦ ያስፈልጋት ይሆናል፤ የደም ሥሯም መጥበቡ በምርመራ ታይቷል። ሆኖም የሞትን አደጋ የሚናገረውን ወረቀት እንድትፈርም በሰጧት ሌሊት ደውላ፥ «ወንድሜ፥ እጄ ተንቀጠቀጠ» አለችኝ። እኔም አትፍሪ አላልኋትም፤ የሚያስፈራ ነገር ነውና። ሐኪሙን ሦስት ነገር እንድትጠይቅ ብቻ መከርኋት፤ ይኸውም እርሱ ይህን ሥራ ምን ያህል ጊዜ ሠርቷል? አደጋ ቢደርስ የሚረዳው ማን ነው? ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ልቧን የሚያስመታው ምንድን ነው? በማግሥቱ ጠየቀች፤ ለሁሉም መልስ አገኘች። ለመጨረሻው ጥያቄ የተሰጣት መልስ፥ ጊዜያዊ ሽቦ ቀድሞ ይገባል የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ፈረመች።

ለእናታችን ደግሞ የአንድ ሰው ታሪክ ነገርኋቸው። በስዊድን አገር አርነ ላርሶን የሚባል ሰው ነበር። በ43 ዓመቱ ልቡ በየቀኑ ደጋግሞ ይቆም ነበር። ሚስቱ ኤልስ ማሪ ሐኪሙን ኦኬ ሴኒንግንና መሐንዲሱን ሩነ ኤልምክቪስትን ካልረዳችሁኝ ብላ አስጨነቀቻቸው። እነርሱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኦክቶበር 8 ቀን 1958፥ በእኛ መስከረም 28 ቀን 1951 ዓ.ም.፥ በስቶክሆልም ከተማ በዓለም የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ በሰው ገላ ውስጥ የሚቀመጥ መሣሪያ አኖሩለት። ያ መሣሪያ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተበላሸ። በሌላ ተካው፤ ያም ተበላሸ። በሕይወቱ ዘመን ከሃያ የበለጡ መሣሪያዎች ተለወጡለት፤ ሽቦዎቹም እንዲሁ ደጋግመው ታደሱ። ላርሶን ግን ሐኪሙንም መሐንዲሱንም ቀብሮ እስከ 2001 ኖረ፤ በ86 ዓመቱ ሲሞትም የሞተበት ሕመም የልብ አልነበረም።

ለቤተ ሰብም ሥራ አለ። በሽተኛው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ እንደ ሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ ይወቀው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከምግብና ከውኃ መከልከል አለ፤ ጾም ለለመደ ቤት ይህ እንግዳ አይደለም። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ፥ ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት፥ በዚያ ወገን ያለው ክንድ ከትከሻ በላይ አይነሣ፤ ከባድም አይሸከም። ስለዚህ በእጅ ተደግፎ መስገድ ይቈይ፤ የነፍስ አባትም ይህን ይወቁት። ቍስሉም እስኪጠግ ድረስ ውኃ አይንካው፤ ጠበል መጠመቅም ለዚያን ጊዜ ይዘግይ። ስፍራው ቢቀላ፥ ቢያብጥ፥ ፈሳሽ ቢወጣው ወይም ትኩሳት ቢነሣ፥ ይሻለዋል ብሎ ቤት መቀመጥ አይገባም። የወደቀውንም ሰው «ደክሞት ነው» ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። እኅቴ መጀመሪያ በወደቀች ጊዜ እንዲህ ብለን ነበርና።

ቀኑ ተቈርጧል። በመጪው ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ነው። በእነርሱ ጧት ሲሆን በእኛ ከቀትር በኋላ ይሆናል። እናታችን ሰዓቱን አስልቼ እንድነግራቸው አዘዙኝ፤ ነገርኋቸውም። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «እንግዲያው ያን ዕለት ቡናው በዚያች ሰዓት ይፈላ፤ ጎረቤቶቼም ይምጡ። ደብቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ ልጄ በተኛችበት ሰዓት እኔ ምስር እየለቀምሁ በተቀመጥሁ ነበር» አሉኝ።

እኔም ከእንግዲህ ወዲህ በቤታችን የሕመም ወሬ ከእርሳቸው እንዳይደበቅ ለወንድሞቼ ሁሉ ነገርኋቸው።