ሁትስፓ፦ ዐይን ያወጣ ድፍረት

ሁትስፓ ይሉኝታ የሌለውን፣ ዐይን ያወጣውን ድፍረት የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። አጻጻፉ በ«ቸ» የሚጀምር ያስመስለዋል እንጂ የሚነበበው በ«ሀ» ወይም ከጉሮሮ በሚወጣ «ኸ» ነው። ሥሩ ዕብራይስጥና አራማይክ ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ወደ እንግሊዝኛ የገባው የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ በሚናገሩት በይዲሽ በኩል ነው።

ከመዝገበ ቃላት ፍቺ ይልቅ አንድ የቆየ ቀልድ ቃሉን ያስረዳል። እናትና አባቱን የገደለ ሰው ችሎት ቀርቦ ወላጅ አልባ ነኝና እዘኑልኝ ይላል። ሊዮ ሮስተን እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ ይዲሽ ቃላት ባሳተመው መጽሐፍ ሁትስፓን የፈታው በዚህ ነው። ሁትስፓ የሚባለው ግድያው ሳይሆን፣ ገዳዩ ራሱ ባደረሰው ጥፋት መታዘን መፈለጉ ነው። ስድብ ብቻውን ወይም ጉልበተኝነት ሁትስፓ አይባልም። የተበደረውን ሳይመልስ «ያኔ የሰጠኸኝ አነሰኝ» እያለ ሁለተኛ ብድር የሚጠይቅ ሰው ግን ቃሉ በደንብ ይገባዋል። የአሜሪካ ዳኞችም ቃሉን ወደውታል፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ እ.ኤ.አ. በ1998 በጻፉት የተናጠል ሐሳብ ተጠቅመውበታል።

በእንግሊዝኛ ለብልግናና ለንቀት የሚውሉት ሌሎች ቃላት አብዛኞቹ ነቀፋ ብቻ ናቸው። ሁትስፓ ግን ሙገሳም ይሆናል። ይህ መንታነት የአሜሪካ ፈጠራ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ከጥንቶቹ የአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕግ መጻሕፍት ሚሽና የሁትስፓን መብዛት የክፉ ዘመን ምልክት ሲያደርገው፣ ታልሙድ ደግሞ በሰማይ ፊት እንኳ ሊሠራ እንደሚችል ይናገራል። የሕግ ምሁሩ አላን ደርሾዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1991 በዚሁ ቃል የሰየመው መጽሐፍ የአሜሪካ አይሁድ አንገታቸውን እንዳይደፉ ይገፋፋል። ስለ እስራኤል የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚጽፉም አለቃን ፊት ለፊት የሚሞግት ወጣት ሠራተኛን ለማመስገን ያነሱታል።

በዕለት ተዕለቱ ዕብራይስጥ ግን ወቀሳው ይበረታል፤ ወረፋ የጣሰ ሰው «ኤዜ ኹጽፓ!» ይባላል፣ «ምን ዓይነት ዐይን አውጣ ነው!» እንደማለት። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ለሄዱ ቤተሰቦች ደግሞ የሙገሳው ትርጉም ነው የሚከብደው። በታላቅ ፊት ዐይንን ሰበር ማድረግ ጨዋነት ሆኖ ላደገ ሰው፣ በእስራኤል ትምህርት ቤት መምህርን መከራከር እንደ ንቃት መቆጠሩ ለመልመድ ጊዜ የሚወስድ ነገር ነው። ዝምታውም በበኩሉ እንደ ዐይን አፋርነት ወይም እንደ አለማወቅ ተተርጉሞበት ያውቃል።