ላዳ፣ ቮልስና ፔጆ፦ ለየትኛው የኋላ ጥርስ የትኛው ዘይት?

ዛሬ ከመኪና ሥር እንግባ። አዲስ አበባ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ የቆሙ ሁለት አሮጌ መኪኖችን አስቡ፤ አንዱ ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲ፣ ሌላው ባለቤቱ የሚሳሳለት ቮልስ። ሁለቱንም የሚገፋቸው የኋላ ጎማ ነው፤ ሁለቱም ዲፈረንሻል አላቸው። አንድ ጣሳ ዘይት ገዝታችሁ ለሁለቱ ብታካፍሉ ግን አንዳቸውን ሳትጎዱ አትቀሩም። ለምን? መልሱ እኔን በጣም ይገርመኛል፤ እናንተም ካወቃችሁት በኋላ ሶማሌ ተራ ላይ ሻጩ «ይሄኛው ወፍራም ነው፣ ይሻላል» ሲላችሁ የምትጠይቁት አታጡም።

ዲፈረንሻል ሁለት ሥራ አለው። ከካምቢዮ (እንደ ላዳ ባሉት መኪኖች በረጅሙ ዘንግ በኩል) የመጣውን ሽክርክሪት ወደ ጎን አዙሮ ለጎማዎቹ ይሰጣል፤ መኪናው ሲታጠፍ ደግሞ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው ፈጥኖ እንዲዞር ይፈቅዳል። ይህ ሁለተኛው ለዘይቱ ቀላል ነው። ጣጣው ሁሉ ያለው የመጀመሪያው ላይ፣ ትንሿ ፒኞን ትልቁን ኮሮና ስትገፋ ነው።

ከላዳው እንጀምር። ላዳ 2101 የተቀዳው ከፊያት 124 ነው፤ ሶቪየቶች ከጣሊያኑ ፋብሪካ ጋር ተዋውለው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በቮልጋ ዳር፣ ቶልያቲ ላይ አመረቱት። የኋላ ጥርሱ ሃይፖይድ የሚባለው ዓይነት ነው። ፒኞኗ ከኮሮናው መሐል ትክክል አትገጥምም፤ ዝቅ ብላ ነው የምትገባው። ይህን ያመጣው ጥርስ መቁረጫ ማሽን የሚሠራው የአሜሪካው ግሊሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ፓካርድ በቅንጡ መኪኖቹ ላይ ሲያውለው ረጅሙ ዘንግ ዝቅ አለ፣ ወለሉ ዝቅ አለ፣ መኪናውም ዝቅ አለ። ጥርሱ ጠነከረ፤ ድምፁም ቀነሰ። ዕዳው ለዘይቱ ቀረ። ዝቅ ያለችው ፒኞን ኮሮናውን ስትገፋ በጥርሱ ርዝመት ላይ እየተንሸራተተችበት ነው። ጭነት ሲበዛ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ዘይት ተጨምቆ ይወጣል፣ ብረት ከብረት ይገናኛል፣ በዚያች ጠብታ በምታህል ቦታ ላይ ሙቀቱ በቅጽበት ይንርና ብረቱ መበያየድ ይጀምራል።

ይህን ውፍረት አያድነውም። የሚያድነው ድኝ ነው! አዎ፣ ያው ቢጫው ድኝ፣ ከፎስፈረስ ጋር ሆኖ በዘይቱ ውስጥ ተሟሙቶ የሚቀመጠው። የኋላ ዘይት ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። በተራው ጊዜ ምንም አይሠራም። ጥርሶቹ ተነካክተው ቦታው ሲግል ብቻ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ በጣም ቀጭን ሽፋን ይሠራል፤ ጥርሱ ሳይላጥ ሽፋኑ ተልጦ ይሄዳል፣ በቦታውም ሌላ ይተካል። እናቶቻችን ሊጡ እንዳይጣበቅ ምጣዱን በጎመን ዘር የሚያስሱት ለዚሁ ነው፤ ማሰሻው ያልቃል፣ ምጣዱ ይተርፋል። የዘይቱ ቅመም ለጥርሱ ማሰሻው ነው።

አሁን ጣሳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ እንችላለን። ጂኤል 4 እና ጂኤል 5 የሚሉት የአሜሪካ ነዳጅ ኢንስቲትዩት ምድቦች ዋና መልእክታቸው የዚህ ማሰሻ መጠን ነው። ጂኤል 5 ለሃይፖይድ ጥርስ የታሰበ ነው፤ ጂኤል 4 በተለምዶ የእሱን ግማሽ ያህል ቅመም ይይዛል። ስለዚህ ለላዳው የኋላ ዲፈረንሻል መልሱ አጭር ነው፤ ጂኤል 5፣ 80ደብሊው-90፣ 1.3 ሊትር። በሶቪየት ዘመን ፋብሪካው ያዘዘው ታድ-17 የሚባል ዘይት ከዚሁ ምድብ ጋር የሚመጣጠን ነበር።

ታዲያ 5 ከ4 ስለሚበልጥ ለቮልሱም ጂኤል 5 ብንሰጠው ምናለበት? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩ የማዕረግ ይመስላልና። የቮልስ ዲፈረንሻል ለብቻው የተቀመጠ አይደለም። ከካምቢዮው ጋር በአንድ ቤት፣ በአንድ ዘይት ይኖራል። ጥርሱም ሃይፖይድ አይደለም፤ ፒኞኗ ከኮሮናው መሐል ትክክል የምትገጥም ጠመዝማዛ ጥርስ ናት፣ መንሸራተቷም ትንሽ ነው። ያን ሁሉ ድኝ አትፈልገውም። በዚያው ቤት ውስጥ ደግሞ ማርሽ ስትቀይሩ ሁለቱን ጥርሶች በፍጥነት የሚያስማሙ የሲንክሮናይዘር ቀለበቶች አሉ። እነዚህ ከናስ የተሠሩ ቀለበቶች ሥራቸው መያዝ ነው፤ መንሸራተት አይደለም። ከልክ በላይ የሚያዳልጥ ዘይት ካገኛቸው አይዙም፣ ማርሹም እየተንጫጫ ይገባል። ድኝ ደግሞ መዳብ ያለበትን ብረት ይወዳል፤ ያጠቁረዋል፣ የጠቆረው ሲፋቅ አዲሱን ይበላል። ለቮልስ ጂኤል 4 ነው፤ ቤቱ ሦስት ሊትር ያህል ይይዛል፣ በቅየራ ጊዜ ግን ሁሉም ስለማይፈስ ሁለት ተኩል ይበቃዋል።

የዘይት አምራቾች ይህን የመዳብ ጉዳይ እንዴት እንደሚፈትኑት ልንገራችሁ፤ በጣም የምወደው ፈተና ነው። የተወለወለች የመዳብ ቁራጭ ለሦስት ሰዓት 121 ዲግሪ በሞቀ ዘይት ውስጥ ትነከራለች፣ ስትወጣ ቀለሟ ከመደበኛ የቀለም ሰሌዳ ጋር ይተያያል። እንደተወለወለች ከወጣች ዘይቱ ጨዋ ነው፤ ጠቁራ ከወጣች አይደለም። በዛሬው ጊዜ ብዙ ጂኤል 5 ዘይቶች ይህን ፈተና በደህና ያልፋሉ። የሲንክሮናይዘሩ መንሸራተት ግን በመዳብ ቁራጭ አይለካም። «ጂኤል 4/ጂኤል 5» ብሎ ሁለቱንም የጻፈ ጣሳ ካያችሁ እኔ ብሆን ለላዳው የኋላ ዲፈረንሻል አውለዋለሁ፤ ለቮልሱ ግን ጂኤል 4 ብቻ የሚለውን እፈልጋለሁ።

ሦስተኛው እንግዳ ፔጆ 404 ነው። ፒኒንፋሪና የነደፈው፣ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከዚያም በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈው ያ ጠንካራ መኪና ከኋላ ኮሮናም ፒኞንም የለውም። በቦታው ወፍራም ብሎን የመሰለ ጠመዝማዛ ብረት አለ፤ እሱ ሲዞር የነሐስ ጥርስ ያለውን መንኮራኩር ይነዳል። እዚህ ሥራው ሁሉ መንሸራተት ነው። እንግዲያው ጂኤል 5 ሊባል ይቃጣል፣ አይደል? ነሐስ ግን በአብዛኛው መዳብ ነው። ጠንካራ ድኝ ያለው ዘይት ቀን ከሌት ሲታሽበት ያንን ውድና ብርቅ መንኮራኩር ቀስ እያለ ይበላዋል። ለዚህ የሚሆነው ለጠመዝማዛና ለነሐስ ጥርስ ተብሎ የተሠራ፣ ኃይለኛ ድኝ የሌለው ወፍራም ዘይት ነው። ፔጆ 404 ያላችሁ የመኪናውን መጽሐፍ ሳታዩ ምንም አታፍስሱ።

ከሦስቱ መኪኖች የምትይዙት ጥያቄ አንድ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ምን ዓይነት ጥርስ ነው፣ ከምንስ ተሠራ? ውፍረት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ውፍረቱ ብዙ አላደክማችሁም። 90 የሚለው ቁጥር ከሞተር ዘይት ቁጥር ጋር በአንድ ሚዛን አይለካም። 90 የካምቢዮ ዘይት በሙቀት ጊዜ ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ጋር ተቀራራቢ ነው፤ እጥፍ ወፍራም አይደለም። በ80ደብሊው-90 ላይ ያለው 80ደብሊው ብርድን ይመለከታል፤ እስከ ዜሮ በታች 26 ዲግሪ ድረስ ዘይቱ እንዳይረጋ ነው። ለአዲስ አበባ ሌሊት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ሚኒሶታ ያላችሁና አሮጌ መኪና ያደሳችሁ ግን 75ደብሊው-90 ፈልጉ። አፋር ወርዶ ከባድ ጭነት ለሚጎትት መኪና 85ደብሊው-140 ትርጉም አለው። ከተማ ውስጥ ለሚዞር ላዳ ግን 140 ማፍሰስ ሙቀትና ነዳጅ መጨመር ነው።

ወደ ተጨማሪ ቅመም ጠርሙሶች እንምጣ፤ መደርደሪያው ላይ ተሰልፈው «ድምፅ ያጠፋል፣ ዕድሜ ያረዝማል» ወደሚሉት። ትክክለኛው ዘይት ቅመሙ ተመጥኖ ተጨምሮበት ነው የመጣው። በላዩ ሌላ ማከል ሚዛኑን ማበላሸት ነው፤ ለአብዛኞቻችን ገንዘቡ ቢቀመጥ ይሻላል። አሜሪካ ውስጥ ያረጀ ዲፈረንሻል እስኪሸጥ ዝም እንዲል የእንጨት ፍቅፋቂ የሚጨምሩ ነጋዴዎች እንደነበሩ ይወራል። ግራሶ የሚደባልቁም አሉ። ጥርሱ ጸጥ ይላል፣ ኩሽኔታው ግን ዘይት ይጠማል።

ጠርሙስ በእውነት የሚያስፈልገው አንድ ቦታ አለ፤ ሊሚትድ ስሊፕ የሚባለው ዲፈረንሻል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ከስቱድቤከር-ፓካርድ ጀምሮ በአሜሪካ መኪኖች ላይ የተስፋፋው ይህ ዓይነት፣ አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሲዞር ሌላው ኃይል እንዳያጣ በውስጡ እንደ ፍሪሲዮን ያሉ ተደራራቢ ሳህኖች አሉት። በጠባብ መታጠፊያ እነዚያ ሳህኖች መንሸራተት አለባቸው። የሚያንሸራትታቸው ነገር ከሌለ ይይዛሉ፣ ይለቃሉ፣ ይይዛሉ፤ የመኪናው ጀርባ ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ፍሪክሽን ሞዲፋየር የሚባል 120 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚሆን ፈሳሽ ይጨመራል፣ ከዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ የ8 ቁጥር ቅርፅ እየሠሩ ቀስ ብሎ መንዳት ነው። ከበዛ ሳህኖቹ መያዙን ይተዋሉ፤ ዘይቱ ለሊሚትድ ስሊፕ እንደሚሆን ጣሳው ላይ ከተጻፈም ቅመሙ ገብቶበታልና ሌላ አትጨምሩ። ቅመምን ካነሣን፣ ድሮ ማሽኖቻችን ለቅባት ሲሉ ስፐርም ዌል የሚባለውን ዓሣ ነባሪ ይበሉ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? ዘይቱ በድኝ ተቀምሞ በካምቢዮና በጥርስ ዘይት ውስጥ ይገባ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ዓሣ ነባሪውን ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት ዝርዝር ውስጥ ስታስገባው ኬሚስቶች ምትክ ፍለጋ ተሯሯጡ።

ዘይቱን ስትቀይሩ ሁልጊዜ የላይኛውን የመሙያ ቡሎን ቀድማችሁ ፍቱ። የታችኛውን ካፈሰሳችሁ በኋላ የላይኛው ዝጎ እምቢ ቢል መኪናው ካለበት አይነቃነቅም። ቮልስ ላይ 17 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ያስፈልጋችኋል። መኪናው ትንሽ ከተነዳ በኋላ ዘይቱ ሞቆ እያለ ይፍሰስ፤ አዲሱን ደግሞ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ሙሉት። ከዚያ በላይ ከሞላ በጎማው በኩል ወጥቶ የፍሬን ሸራውን ያበላሻል። አክሰሉ ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር መተንፈሻ ጭቃ ከደፈናትም ውስጡ ሲሞቅ ግፊቱ ዘይቱን በጎሚኒው በኩል ያስወጣዋል፤ ብዙ ሰው ጎሚኒ ደጋግሞ ይቀይራል፣ መተንፈሻዋን ግን አያጸዳም።

የፈሰሰውን ዘይት በጣታችሁ መካከል እሹት። እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ብረት የዕድሜ ነው። ስባሪ ካለ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተጎድቷል። ድምፁንም ለዩ፤ ነዳጅ ስትሰጡ የሚያለቅስና ስትለቁ የሚቀየር ድምፅ ከጥርሶቹ ነው፣ ሰጣችሁም ለቀቃችሁም ሳይለወጥ የሚያጉረመርም ከኩሽኔታ ነው፣ ስትነሱ «ቋ» የሚል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከረጅሙ ዘንግ መገጣጠሚያ ነው። አንዱንም ዘይት አያድነውም። ኮሮናና ፒኞን በአዲስ ከተተኩ የመጀመሪያው ጉዞ አጭርና ለስላሳ ይሁን፣ ቆሞ ይቀዝቅዝ፤ ከ800 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ያንን የመጀመሪያ ዘይት አፍስሱት፣ አዲስ ቢመስልም።