ጉልቻ ለመለወጥ የሚወጣ ወጪ
በሚዛን ተፈሪ ኩሽና የሚያድስ ሰው ምን ይጠብቀዋል?

“ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም” ይላል ተረቱ። ስለ ወጡ እንጂ ስለ ወጪው ግን የተናገረው ነገር የለም። በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢው የቡና አገር ማድ ቤቱን ለማደስ የሚነሳ ባለቤት ቀላል የማይባል ገንዘብ ያፈሳል። ብዙውን ጊዜም ገንዘቡን የሚያፈሰው ሰው ሁሉ በሚገዛበት ወቅትና ብዙ በማይሠራበት ክፍል ላይ ነው።

የወቅቱ ነገር ከቡናው ጋር የተያያዘ ነው። በበበቃና በቴፒ ቆላማ ቦታዎች ለቀማው መስከረም ላይ ይጀምርና ኅዳርን ይሻገራል። ገንዘብ እጅ የሚገባው፣ ዝናቡም ጋብ የሚለው በተመሳሳይ ጊዜ በመሆኑ ግንበኛ፣ አናጢ፣ አሸዋና ብሎኬት በአንድ ወር ውስጥ በአንድ ላይ ይፈለጋሉ። በመሆኑም የታኅሣሥ ጀማሪ ዋጋ የመደራደር አቅሙ አነስተኛ ነው። ሴራሚክ፣ የቧንቧ ዕቃ፣ ሽቦና ቆርቆሮ ቢቀመጡ የማይበላሹ ስለሆነ አስቀድሞ መግዛት ይቻላል። ሲሚንቶ ግን በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚወርድበት አገር እርጥበት ስቦ ይደነድናል። ሦስት ወር የተቀመጠ ሲሚንቶ ጥንካሬው የቀነሰ በመሆኑ መገዛት ያለበት በሥራው ዋዜማ ነው።

የዋጋው ምንጭም ሩቅ ነው። አብዛኛው የማጠናቀቂያ ዕቃ ከአዲስ አበባ ተጭኖ በጅማና በቦንጋ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይደርሳል። የጭነት ሒሳቡና በመንገድ የሚሰበረው ሴራሚክ በገዢው ላይ ያርፋል። ከዚህም በላይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። አገሪቱ በ2017 የበጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማግኘቷ ለቡና ሻጩ ደስታ ነው። ይሁን እንጂ በብር ሲመነዘር ቡናውን ያስወደደው ዶላር ከውጭ የሚገባውን ሴራሚክ፣ የቧንቧ መክፈቻና ሽቦም አስወድዷል። ስለዚህ ቡናውን የሸጠ ሰው ዕቃውን ለመግዛት ብዙ ቢቆይ አይጠቀምም።

የትኛው ኩሽና ይታደስ?

በአብዛኛው የከተማ ቤት ኩሽናው ሁለት ነው። አንደኛው ከሳሎን ጎን ያለው፣ ቁም ሳጥን የተገጠመለትና ሻይ የሚፈላበት ነው። ሁለተኛው በጓሮ በእንጨትና በጭቃ የተሠራው፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ወጥ የሚሠራበትና ድግስ የሚደገስበት ነው። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ ለእንጀራ መጋገሪያና ለእርድ የሚሆን የጋራ ሕንፃ ለብቻ መታሰቡም ይህንኑ ያመለክታል፤ የአገሩ ምግብ ከሳሎን ጎን በሚገኝ ጠባብ ክፍል አያልቅም። እድሳቱ ሲታሰብ ግን ገንዘቡ በቅድሚያ የሚሄደው እንግዳ ወደሚያየው ክፍል ነው። ሥራውን የሚሸከመው የጓሮው ማድ ቤት ጭሱን እንደያዘ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት ምክንያት በ2020 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። የጓሮው ማድ ቤት ቅድሚያ ይሰጠው የሚያሰኘው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በልክ ሲሰላ

3 በ4 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሚደርስ ማድ ቤት በብሎኬት ይሠራ ቢባል በርና መስኮቱ ሲቀነስ ወደ 38 ካሬ ግድግዳ ይወጣዋል። ለአንድ ካሬ 12 ተኩል ብሎኬት ሲታሰብ፣ የሚሰበረው ተጨምሮ 500 ያህል ብሎኬት ያስፈልጋል። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው የወለል ኮንክሪት ወደ 4 ኩንታል ሲሚንቶ፣ ለወለሉ መቆራረጫው ታክሎ 13 ካሬ ገደማ ሴራሚክ፣ ለጣሪያው ደግሞ ከ15 እስከ 17 ቆርቆሮ ይፈጃል። ቆርቆሮ ሲገዛ የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ውፍረቱ እንደሚቀንስ ማስታወስ ይገባል። በርካሽ የሚቀርበው ባለ 32 ጌጅ ከባለ 28ቱ የሳሳ ነው።

የጭቃ ግድግዳውን ሳያፈርሱ ማደስም ይቻላል። ሲሚንቶ በጭቃ ላይ በቀጥታ ሲለሰን ግን ውሎ አድሮ ይላቀቃል። በመሆኑም የዶሮ ሽቦ በምስማር ተመትቶ ልስኑ በእሱ ላይ ማረፍ አለበት። በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ ሴራሚክ ማልበስ ገንዘብ ማባከን ሊሆን ይችላል።

ምጣዱና ቆጣሪው

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3500 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ነው፤ ይህም የተለመደው ሶኬት ከሚችለው ጫፍ ላይ የደረሰ ነው። ስለዚህ ምጣዱ ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ የሚነሳ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ መሰካት ለእሳት አደጋ በር መክፈት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢጋገር 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ስለተደረገ ይህም ከሒሳብ መግባት አለበት።

ጉዳዩ ለአከራይም ይነካል። ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ከጀመረበት ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ፣ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተመሠረተ በኋላም ከሌላ ቦታ ለሥራ የሚመጣ ተከራይ በከተማዋ አለ። “ምጣድ አይቻልም” የሚል አከራይና በየወሩ በመብራት ሒሳብ የሚጨቃጨቅ ተከራይ በየከተማው የተለመዱ ናቸው። የምጣድ መስመርና ንዑስ ቆጣሪ የገባለት ማድ ቤት ይህን ጭቅጭቅ ስለሚያስቀር ከሚያብረቀርቅ ቁም ሳጥን ይልቅ ለኪራይ ድርድር ይረዳል።

መብራት በጠፋ ቀን ቤተሰብ ጦሙን እንዳያድር የእንጨቱ ምድጃ ጨርሶ መቅረት የለበትም። ከአሸዋና ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቆጥባል። ጭስ መውጫ ከተበጀለት ደግሞ ግድግዳውን ከጥላሸት ያድናል።

ጭሱ ሥራ ነበረው

ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ። የጓሮው ጭስ ዓይን ቢያቃጥልም ጣሪያውን ያደርቅ፣ ምስጥና ነቀዝን ያርቅ፣ ቆጥ ላይ የተሰቀለውን በቆሎ ይጠብቅ ነበር። ጭሱ ሲወገድ እርጥበቱ ቦታውን ይረከባል። በቺፕውድ የተሠራ ቁም ሳጥን ውኃ ሲነካው ያብጣል። በመሆኑም ማድ ቤቱ ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶችና ከጣሪያው ሥር የአየር መውጫ ያስፈልጉታል፤ ቁም ሳጥኑም ከወለሉ ከፍ ቢል ይመረጣል። ለእንጨት ሥራ ዋንዛ ተፈላጊ ቢሆንም ከ1986ቱ የደን አዋጅ ጀምሮ ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጥ ጥበቃ ከተደረገላቸው ዛፎች አንዱ ነው። ገዢው የእንጨቱን ሕጋዊ ሰነድ ቢጠይቅ ራሱን ያድናል።

የፍሳሹ መስመርም ከወለሉ በፊት ይቀድማል። ቱቦው በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። የጣሪያ ውኃ ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ ከገባ ጉድጓዱ ክረምቱን አይችልም።

ውሉ

ግንበኛ በቀን፣ በካሬ ወይም በቁርጥ ይዋዋላል። የቀን ሥራ ባለቤቱ ራሱ ከጎን ቆሞ ለሚያሠራው ይመቻል። ቁርጡ ግን መለኪያው፣ የዕቃው ዓይነትና ማን ምን እንደሚያቀርብ በጽሑፍ ካልሰፈረ ለጭቅጭቅ የተመቸ ነው። ቀብድ ለመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ከሚበቃው መብለጥ የለበትም። የመጨረሻው ክፍያ ደግሞ ውኃው ተለቅቆ፣ ምጣዱ ተሰክቶ፣ ቆርቆሮው በአንድ ዝናብ እስኪፈተን ቢቆይ ይመረጣል። ግድግዳ የሚያፈርስ ወይም ክፍል የሚጨምር ሰው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ስለ ፈቃዱ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ የማስቆሚያ ትእዛዝ የሠራተኛውን ቀን በባለቤቱ ሒሳብ ያስቆጥራል።

አሮጌ ግድግዳ ሲነካ የበሰበሰ ማገርና ምስጥ የበላው ቋሚ መገኘቱ ስለማይቀር ከበጀቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ለዚሁ መያዝ ይገባል። ገንዘቡ ካልበቃም መጀመሪያ ፍሳሹና የምጣዱ መስመር፣ ቀጥሎ የጭሱ መውጫና ጣሪያው ይሠራሉ፤ ሴራሚኩ ለመጪው የቡና ወቅት ቢተላለፍ የሚጎዳ ነገር የለም።