ኖራ ውሃ ሲነካው ለምን ይፈላል?

የጽሑፉ ዓላማ፦ አርሶ አደሮች የኖራ ዓይነቶችን ለይተው እንዲያውቁ፣ አንዱ ዓይነት ውሃ ሲነካው ለምን እንደሚያቃጥል እንዲረዱና ራሳቸውን ከጉዳት እንዲጠብቁ ማስቻል ነው።

1. አንድ ስም፣ ሦስት ነገር

በጎጃም፣ በአዊና በወለጋ ዝናብ በሚበዛባቸው አካባቢዎች የአፈር አሲዳማነት የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ ምርትን ይቀንሳል። አፈሩ የሚታከመው በኖራ ነው። ሆኖም «ኖራ» እያልን የምንጠራው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ነው፦

ሀ. የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፦ ሳይቃጠል የተፈጨ ነው። ለእርሻ በብዛት የሚቀርበው ይህ ሲሆን ውሃ ቢነካው አይሞቅም።

ለ. የተቃጠለ ኖራ፦ ድንጋዩ በምድጃ ውስጥ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ተቃጥሎ የሚገኝ ነው። ውሃ ሲነካው ይፈላል።

ሐ. ውሃ የጠጣ ኖራ፦ የተቃጠለው ኖራ ውሃ ጠጥቶ ዱቄት የሆነው ነው። አይፈላም፤ ቆዳንና ዓይንን ግን ይጎዳል።

ሦስቱም ነጭ ስለሆኑ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል።

2. ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ኖራ አዮን ከሚባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ቅንጣቶቹ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ስለሆኑ ይሳሳባሉ፤ አጥብቀው ተያይዘውም ድንጋይ ይሆናሉ። የተያያዘውን ለማለያየት ሙቀት ወጪ ይደረጋል፤ የተለያየው መልሶ ሲያያዝ ያ ወጪ ተመልሶ ይወጣል።

100 ኪሎ ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ወስደን ወጪና ገቢውን እንመልከት፦

• ሲቃጠል፦ 178 ሺህ ኪሎ ጁል ሙቀት ይወስዳል። 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል፤ 56 ኪሎ የተቃጠለ ኖራ ይቀራል።

• ውሃ ሲጠጣ፦ 56 ኪሎው 18 ሊትር ውሃ ወስዶ 74 ኪሎ ይሆናል፤ 65 ሺህ ኪሎ ጁል ይመልሳል።

• አየር ላይ ሲቆይ፦ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ወስዶ፣ ውሃውን ለቅቆ እንደገና 100 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ይሆናል፤ 113 ሺህ ኪሎ ጁል ይመልሳል።

65 ሺህና 113 ሺህ ሲደመሩ 178 ሺህ ይሆናሉ። ድንጋዩ በምድጃ የወሰደው ሙቀት አልጠፋም፤ በኖራው ውስጥ ታምቆ ቆይቶ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ።

የመጨረሻው ሙቀት የሚወጣው ረጅም ጊዜ ወስዶ ስለሆነ አይታወቀንም። ውሃ ሲጠጣ የሚወጣው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ነው። የ1 ኪሎ የተቃጠለ ኖራ ሙቀት ከ3 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሊያደርስ ይችላል። ለዚህም የእጅ ላብና የዓይን እንባ ይበቁታል።

3. መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

• ኖራ ስትረከቡ ዓይነቱን ጠይቁ። ከተጠራጠራችሁ፣ ፊታችሁን አርቃችሁ ጥቂቱን በብረት ዕቃ ባለ ውሃ ላይ ጨምሩ። ከሞቀ ወይም ከፈላ የተቃጠለ ኖራ ነው።

• ምንጊዜም ኖራውን ወደ ውሃው ቀስ እያላችሁ ጨምሩ እንጂ ውሃውን በኖራው ላይ አታፍስሱ።

• ስትበትኑ ነፋስን ከኋላችሁ አድርጉ፤ ዓይንን፣ አፍንጫንና እጅን ሸፍኑ።

• የተቃጠለ ኖራን ከጭድና ከሣር አርቃችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ዝናብ ቢገባበት ሙቀቱ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

• ቆዳ ላይ ከወደቀ ደረቁን ዱቄት በመጀመሪያ አራግፉ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ እጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳትዘገዩ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

4. መጠኑም ይለያያል

አሲድን ለማርከስ 56 ኪሎ የተቃጠለ ኖራ፣ 74 ኪሎ ውሃ የጠጣ ኖራና 100 ኪሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ እኩል ናቸው። ለተፈጨ ድንጋይ የተመከረውን መጠን በተቃጠለ ኖራ መተካት እጥፍ ያህል መጨመር ስለሆነ ማሳውን ይጎዳል። መጠኑን ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋር ወስኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ የሚቀርበው ኖራ የትኛው ዓይነት ነው? በምን አወቃችሁ?
2. የተቃጠለ ኖራ ጆንያ በዝናብ ቢርስ ምን ታደርጋላችሁ?